በጎልማስነት ዕድሜ አዲስ ጥበብ መጀመር ይገባልን?

ሰው በልጅነቱ ያልተማረውን ጥበብ በጎልማስነቱ ሊማር ቢመኝ፥ ምኞቱ የሚያስመሰግነው ነውን ወይስ የሚያስነቅፈው? ዐርባ ወይም ኀምሳ ዓመት የሞላው ምእመን በገና ለመደርደር ወይም ሥዕል ለመሣል ልቡ ሲነሣሣ፥ አንዳንዱ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ይሥቅበታል፤ እርሱንም በልጆች መካከል ተቀምጦ መሳሳት ያሳፍረዋል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ይገባናል።

በመጀመሪያ፥ የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ሀብት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 እንደ ተጻፈው፥ ባስልኤል በወርቅና በብር፥ በናስና በዕንጨት ይሠራ ዘንድ መንፈስ እግዚአብሔር ሞላበት። ስለዚህ ለጥበብ የሚነሣሣውን ልብ ሳይመረምሩ መናቅ አይገባም።

ሁለተኛም፥ ጎልማሳውን ከመማር የሚከለክለው ኀፍረት ብዙ ጊዜ ትሕትናን የለበሰ ትዕቢት ነው። አባ አርሳንዮስ በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዘመን የንጉሥ ልጆች መምህር ነበረ፤ ወደ ግብፅ ገዳም መንኖ ከገባ በኋላ ግን አንድ ያልተማረ ሽማግሌ መነኵሴን ስለ ልቡ ሐሳብ ይጠይቅ ነበር። ያዩትም ሲደነቁ፥ የሮማይስጥንና የጽርእን ትምህርት ቢያውቅም የዚያን ሽማግሌ ፊደል ገና እንዳልተማረ ነገራቸው።

ጥበቡም ራሱ ያስተምራል። በገና 10 አውታር አለው፤ የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠውም በአውታሩና በብርኩማው መካከል ያለችው ታናሽ የቆዳ ቍራጭ በትክክል ስትቀመጥ ነው፤ ጥቂት ብትዛነፍ ድምፁ ይጠፋል። ሲያዝዝ የኖረ ሰው ይህን ደጋግሞ ሲያቃና ትዕግሥትን ይማራል።

ነገር ግን ጉጉት ሁሉ መልካም አይደለም። ዛሬ በገና፥ ነገ ሥዕል፥ ከነገ ወዲያ ሌላ እያለ የሚቅበዘበዝ ሰው ከአንዱም ፍሬ አያገኝም። ከዚህም የሚበልጥ መመርመሪያ አለ፤ ይኸውም የምኞቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ነው። ገንዘቡ ከልጆች ቀለብ፥ ሰዓቱም ከታመመች እናት አልጋ አጠገብ የተወሰደ እንደ ሆነ፥ ዜማው የምስጋና ቢሆን እንኳ መሥዋዕቱ የሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምኞቱን አያጥፋ፤ ጊዜውን ግን ይጠብቅ። ከእንቅልፉና ከከንቱ ጨዋታው ቀንሶ የሚማር ሰው ግን የራሱን ይሰጣል።

እንግዲህ እናንት መምህራን፥ ዘግይቶ የመጣውን ደቀ መዝሙር በፈገግታ ተቀበሉት እንጂ በሥላቅ አትመልሱት። እኛም ምእመናን፥ የተሰጠንን ሀብት ዕድሜ አሳብበን አንቅበረው፤ ባለቤቱ ሲጠይቀን የምናሳየው፥ ጥቂትም ቢሆን፥ ይኑረን። የጥበብ ምንጭ እግዚአብሔር የጀመርነውን ያስፈጽመን፤ አሜን።