የእንጀራ ልጅ ዘፈን

አንድ ዘፈን የማን ነው? ለሕግ ሰው ጥያቄው ቀላል ነው፤ ውሉን ገልጦ ፊርማውን ያሳያል። እኔን የያዘኝ ግን ፊርማ የማይመልሰው ነው።

ኤሲ/ዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ ሀርድ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1993 «ቢግ ገን» የሚል ዘፈን ሠራ። የተሠራው ጆን ማክቲየርናን ላዘጋጀውና አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ለተወነበት «ላስት አክሽን ሂሮ» ለተባለ ፊልም ማጀቢያ ነው። በአሜሪካ የሮክ ሬዲዮዎች ሰንጠረዥ አንደኛ እስከ መውጣት ደረሰ። ይህን ሁሉ አግኝቶ ዛሬ የባንዱን ዘፈኖች የሚቆጥር ሰው ሃያ ጠርቶ እሱ ጋ ላይደርስ ይችላል። ከፊቱ የ1990ው «ዘ ሬዘርስ ኤጅ»፣ ከኋላው የ1995ቱ «ቦልብሬከር» አሉ፤ እሱ በሁለቱ አልበሞች መሀል ሜዳ ላይ ቀረ። አባቱ ይታወቃል፣ መልኩም ቁርጥ አባቱን ነው፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን የሚጠራው የለም። የእንጀራ ልጅ ማለት ይኸው ነው።

የሚነቅፉት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት «በትእዛዝ የተሠራ ነው» የሚለውን ነው። ፊልም ሠሪ ከፍሎ ያዘዘው ዘፈን ከልብ የመጣ አይደለም ይላሉ። ይህ ብዙ አያስኬድም። የአልበም ውልም ትእዛዝ ነው፤ አሳታሚው ቀን ቆርጦ፣ ቀብድ ሰጥቶ ይጠብቃል። ደግሞስ አልበም የዘፈን ተፈጥሯዊ ቤት ነው ያለው ማነው? ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በ1948 በአንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ሸክላ ገበያ ላይ ሲያወጣ ነው ዘፈንን አሥር አሥር አድርጎ ማሰር ልማድ የሆነው። እኛ ግን የሸክላውን ስፋት የጥበብ ሕግ አድርገን ከእስሩ ውጭ የቀረውን ዲቃላ እንለዋለን።

ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል። ዘፈኑ የተጠጋው ፊልም ወደቀ፤ ስለዚህ አብሮ ወደቀ የሚል ነው። እውነትም ፊልሙ ሰኔ 18 ቀን 1993 ሲከፈት የዳይኖሰሮቹ ፊልም «ጁራሲክ ፓርክ» ከወጣ ገና ሳምንቱ ነበር። ተመልካቹ ከዳይኖሰሮቹ ጋር ነው፤ ማን ዞር ብሎ ይየው? እንዲህ ከሆነ ዘፈኑ ጥገኛ ነው፣ የራሱ ሕይወት የለውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የዘፈኑን ቪዲዮ እመለከታለሁ። መድረኩ ላይ የባንዱ ጊታር ተጫዋች አንገስ ያንግ አለ፤ ቁምጣ፣ ኮት፣ ክራቫት፣ ቆብ፣ አለባበሱ የተማሪ ነው። ይህን የደንብ ልብስ እንዲለብስ ሐሳቡን ያመጣችው እህቱ ማርጋሬት ናት። አንገስ የተወለደው በ1955 ነውና በቪዲዮው ጊዜ 38 ዓመቱ ነው፤ ግን ገና ትምህርት ቤቱን አልጨረሰም! ወደዚህ ድግስ የፊልሙ ጀግና ጃክ ስሌተር ይመጣል። ያ ሁሉ ጡንቻ፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ። መጨረሻው ምን ይሆናል ብትሉ፣ እሱም የተማሪ ቁምጣና ቆብ ለብሶ፣ ጊታር አንግቶ አንገስን ሲያስመስል ይታያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስቃል፤ አንዱ ግንብ፣ ሌላው ድንቢጥ።

የፊልሙን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከሳቁ በኋላ ማሰቡ አይቀርም። በፊልሙ ውስጥ አንድ ልጅ በአስማት ቲኬት ወደ ጃክ ስሌተር ዓለም ይገባል፤ በኋላ ስሌተር ራሱ ወደ እውነተኛው ኒውዮርክ ወጥቶ የፈጠራ ሰው መሆኑን ይረዳል፣ እሱን ሆኖ ከሚተውነው ከአርኖልድ ጋርም ፊት ለፊት ይገናኛል። ታዲያ በቪዲዮው ቁምጣ የለበሰው ማን ነው? አርኖልድ ነው እንዳልል የስሌተርን ስም ይዞ ነው የመጣው፤ ስሌተር ነው እንዳልል ስሌተር የሚባል ሰው የለም። አንገስም ቢሆን ተማሪ አይደለም። የተገናኙት ሁለት ጭምብሎች ናቸው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት የፈጀበትን ነገር ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃ ሠራው፤ እንዲያውም ሳይተነትን ስለሠራው ይሻላል።

ለጥያቄዬ መለኪያ ያገኘሁትም ከዚህ ነው፦ ማን የማንን ልብስ ለበሰ? አንገስ የስሌተርን ጃኬት ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑ የፊልሙ ሎሌ ነው ባልኩ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሚሊዮኖች ጀግና ወደ ባንዱ ቤት መጥቶ የቤቱን ልብስ ለበሰ። እንግዳው ፊልሙ ነበር፤ እንግዳ ሲሄድ ደግሞ ቤት አይፈርስም።

ስሟገትለት ዘፈኑን ከልክ በላይ እንዳላነግሠው። ከባንዱ ሌላ ዘፈን ከ«ሄልስ ቤልስ» ጎን ቢቆም ያንሳል፤ ያ ደወል ሲመታ የሚመጣው ዝምታ እዚህ የለም። ሪክ ሩቢን ከባንዱ ጋር በፕሮዲዩሰርነት የሠራው የመጀመሪያው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ደረቅ ነው፣ ቅባት የለውም፣ ግን አጥንቱ ጠንካራ ነው። የክሪስ ስሌድ ከበሮ ከባድ ነው፤ በቀጣዩ አልበም ዱላው ወደ ፊል ራድ እጅ ተመልሷል። ማነስና ባዳ መሆን ለየቅል ናቸው። ታናሽ ልጅም ልጅ ነው።

ባንዱ «ቢግ ገን»ን ከሌሎች መጠለያ ካጡ ሥራዎቹ ጋር «ባክትራክስ» በተባለው ስብስብ ውስጥ ያስገባው በ2009፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። የስብስቡ ትልቁ እትም የተሸጠበት ሣጥን ራሱ አንድ ዋት የሚያወጣ እውነተኛ የጊታር አምፕሊፋየር ነው፤ ጊታር ሰክተው ቢመቱበት ይጮኻል።