ረኃብና ፈቃድ

ሰውን ወደ ሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው ብሎ የሚመረምር ኹሉ አስቀድሞ ከሆድ መዠመር ይገባዋል። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ካነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ ዋሽበርን የሚባል ረዳቱ ፊኛ ውጦ ሳለ፣ ረኃቡ የሚሰማው ጨጓራው በሚኰማተርበት ጊዜ መኾኑን አስተዋለ። ነገር ግን በሕመም ምክንያት ጨጓራቸው ተቈርጦ የወጣ ሰዎችም ይራባሉና ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። በ1999 የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊን የተባለውን፣ ከጨጓራ ፈልቆ በደም እስከ አንጎል ደርሶ ረኃብን የሚያነቃቃውን መልእክተኛ አገኙ።

ማዝሎ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ በ1943 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ አድርጎ ረኃብን ከመሠረቱ አኖረው፤ ደኅንነት፣ ፍቅርና ክብር ከዚያ በላይ ናቸው። ስለ አንድ ዓላማ ኹሉን የሚተዉ ሰዎች እንዳሉ ግን እርሱው በዚያው ጽሑፍ አምኗል፤ ትምህርቱን የሚጠቅሱት ይህን ይዘነጉታል።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ወዲያው ተገኙ። በ1944 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ጦር መሣሪያ ማንሣትን ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸው 36 ጐልማሶች፣ ጦርነቱ ያስራባቸው ሕዝቦች በምን ዐይነት ምግብ እንደሚያገግሙ ይታወቅ ዘንድ በፈቃዳቸው ለመራብ ገቡ። ምግባቸው በእኩሌታ ያህል ተቀንሶ 24 ሳምንት ቈዩ፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህል አጡ። ሳሕናቸውን ይልሱ ነበር፤ ይቈጡ ነበር፤ ይተክዙም ነበር፤ አንዳንዶቹም ስለ ምግብ አሠራር የተጻፈውን መጽሐፍ እንደ ዳዊት የሚደግሙት ኾኑ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ እስከ ፍጻሜው ጸኑ። ረኃቡ አሳባቸውን ወሰደ እንጂ ፈቃዳቸውን አልወሰደም።

በዚህ ግን የተራበውን ሰው መንቀፍ አይገባንም። እነርሱ የሚያበቃበትን ቀን ያውቁ ነበር፤ ሐኪምም ይጠብቃቸው ነበር። እኔም በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ስለካ ስቈይ ምግቤ እንደሚጠብቀኝ ዐውቃለሁ፤ ይህን ማወቅ ራሱ ግማሽ እራት ነው። እህሉ ያለቀበት ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከማን ነው?

የቈሎ ተማሪ ሳለሁ ውሻ በዝቶብኝ ያለ ቁራሽ በተመለስሁበት ማታ ቅኔ መቍጠር አቃተኝ። መምህሬ «ሰነፍ» አሉኝ፤ እኔም ብዙ ዘመን እውነት መስሎኝ ኖርሁ። ዛሬ ግን ከፊቴ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሳይ፣ ስለ ቅኔው ሳልጠይቀው አስቀድሜ ምን እንደ በላ እጠይቀዋለሁ።