ለራሱ ያደረ ሰው ዕረፍት

አንድ ሰው በሰው ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ የራሱን ሱቅ ወይም የራሱን ድርጅት በሚከፍትበት ጊዜ የሚመኘው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ ጊዜውንም በእጁ ለማድረግ ይመኛል። «ከእንግዲህ ወዲህ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቴን የሚቆጣጠርብኝ አለቃ የለም» ይላል። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላው ይኸው ሰው ከቀድሞው ይልቅ ማልዶ ሲወጣና አምሽቶ ሲገባ እናየዋለን። ጌታውን ትቶ ለራሱ አደረ፤ አዲሱ ጌታ ግን ከቀድሞው የባሰ ጨካኝ ሆነበት። ዛሬ ሥራ ፈጣሪ እያልን በምናመሰግነው ሰው ላይ የሚደርሰው ይህ ነገር የጠባይ ጉድለት ብቻ አይመስለንም፤ ከበስተኋላው አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ። አሠሪውና ሠራተኛው አንድ ሰው በሆኑ ጊዜ፣ «አሁን ይበቃሃል፤ ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

ለተቀጠረው ሰው ሕግ መልስ ሰጥቶበታል። በ1919 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ በቁጥር 1 ያጸደቀው ስምምነት፣ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚወስን ነበር። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህንኑ መጠን ይዞ፣ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን፣ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ ስምምነቱ ዋጋ እንዳይኖረው መደረጉ ነው። ሕግ አውጪው የተቸገረ ሰው ዕረፍቱን እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ዕረፍቱን ከአሠሪው ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከሠራተኛውም ይጠብቅለታል። ባለሱቁ ከዚህ አጥር ውጭ ነው። ዕረፍቱን ቢሸጥ ሻጩም ገዢውም እርሱ ራሱ ስለ ሆነ ከሳሽ አይገኝም።

«እንግዲያውስ ለራሱ ቃል ይግባና ይጠብቀው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ብዙ ሰው በየዘመን መለወጫው እንዲህ ያለ ቃል ይገባል፤ እሑድን አልሠራም፣ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ከቤቴ እገኛለሁ ይላል። ነገር ግን ለራስ የሚገባ ቃል ጠባዩ እንግዳ ነው። ለሌላ ሰው ቃል የገባን እንደ ሆነ ከቃሉ ሊፈታን የሚችለው ያ ሰው ነው፤ ለራሳችን በገባነው ቃል ግን አሳሪውም ፈቺውም እኛው ነን። ቋጠሮውን የቋጠረው እጅ በፈለገው ጊዜ ይፈታዋል፤ ምክንያትም አያጣም። ዛሬ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነው፤ ነገ የግብር ሂሳብ የሚቀርብበት ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የበዓል ገበያ ነው። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነተኞች መሆናቸው ነገሩን ያከፋዋል።

የአዲስ አበባን መርካቶ የሚያውቅ ሰው በመስከረም አጋማሽ የሚሆነውን አይቷል። በጉራጌ አገር የመስቀል በዓል ከበዓላት ሁሉ የላቀ ነውና፣ በየከተማው በንግድ የተሠማሩ ተወላጆች ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው ይገባሉ፤ ሌላ ጊዜ መተላለፊያ የሚጠፋበት ገበያም ይሳሳል፣ ሱቆችም በየረድፋቸው ተዘግተው ይሰነብታሉ። በሌላው ወራት ይህንኑ ነጋዴ አንድ ቀን ዝጋ ብትሉት ደንበኛዬ ወደ ጎረቤቴ ይሄድብኛል ብሎ አጥብቆ ይሟገታችኋል። ክርክሩም ከንቱ አይደለም፤ በእርግጥ ይሄድበታል። ለመስቀል ግን ጎረቤቱም ዘግቷል። በዚያ ላይ ከአገር ቤት የሚጠብቁት አሉ፤ በሬው በጋራ ተገዝቷል፣ ቆጮውና ቅቤው ተዘጋጅቷል፣ እናት ደጅ ደጁን ታያለች፣ የቀረ ልጅ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል። ያ ሰው በዓመት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያለ ሐሳብ የሚቀመጠው በእነዚህ ቀኖች እንደ ሆነ ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ቆርጦ ስለ ተነሣ አይደለም ያረፈው፤ ዕረፍቱ በእርሱ እጅ ስላልነበረ ነው። በገጠር በዓል በሚከበርበት ቀን ገበሬው ልረስ ወይስ ልተው ብሎ ከራሱ ጋር እንደማይማከር ያለ ነው። በዓል በዝቶ አገር ደኸየ የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ አናነሣም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው፣ ብዙዎች በአንድነት የሚጠብቁት ዕረፍት ጠባቂ እንዳለው ብቻ ነው።

በእቁብም ይኸው ይታያል። ነጋዴ የእቁቡን ቀን አይረሳም። እቁቡ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ቢያጓድል የሚጠይቀው ማኅበር አለ። ይኸው ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚበላውን እራት በሳምንት አምስት ቀን ቢያጓድል መቀጫ የሚጥልበት የለም። ይህም እቁቡን ከእራቱ አብልጦ ስለሚወድ አይደለም፤ አንዱ ጠያቂ ያለው ዕዳ፣ ሌላው ጠያቂ የሌለው ዕዳ ስለ ሆነ ነው።

«ለልጆቼ ብዬ ነው» የሚለውን ሰው ውሸታም ብለን አንነቅፈውም። የሱቅ ኪራይ ለደረሰበት፣ ዕቃ በዱቤ ላነሣ ጀማሪ ስለ ዕረፍት መስበክ ከጭካኔ የሚቆጠር ነው። ገበሬም በአጨዳ ወራት ሌትና ቀን ቢደክም ማንም አይወቅሰውም፤ ዝናብ ሳያገኘው እህሉን ማስገባት አለበት። ነገር ግን አጨዳ መጨረሻ አለው፤ ቤተ ሰቡም መጨረሻውን እያወቀ አብሮ ይደክማል። የነጋዴው አጨዳ አያበቃም። አንዱ ሱቅ ሁለት ይሆናል፣ ከሁለቱ ሱቅ መጋዘን ይወለዳል፣ መጋዘኑም የጭነት መኪና ይፈልጋል። ከባንክ ብር ሲበደር የሚመልስበት ቀን በውል ተጽፎ፣ መያዣም ተይዞበት ነው። ከልጁ ለሚበደረው ምሽት ግን ቀን አልተቆረጠለትም፤ አበዳሪውም አልተጠየቀም። ዕዳውም በዓይነቱ አይመለስም፤ በ6 ዓመቱ አባቱን የተመኘ ልጅ በ20 ዓመቱ ቤት ቢሠራለት ሌላ ነገር ተሰጠው እንጂ የተወሰደበት አልተመለሰለትም። እንደ እኛ አስተያየት ጥፋቱ ብዙ መሥራቱ ሳይሆን፣ ሳያስፈቅድና ቀን ሳይቆርጥ መበደሩ ነው።

አርስቶትል የተባለው የግሪክ ፈላስፋ፣ ሰላም ለማግኘት እንደምንዋጋ ሁሉ ዕረፍት ለማግኘት እንሠራለን የሚል ሐሳብ በሥነ ምግባር መጽሐፉ አስፍሯል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበረው ባለ ዕረፍት ሰው ባሪያዎች ይሠሩለት እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በእኛም ቤት ባልየው እሑድ ዐረፈ በሚባልበት ጊዜ ወጡ የሚሠራውና ቡናው የሚፈላው በማን እጅ ነው? ሴቲቱ ራሷ ባለሱቅ በሆነች ጊዜማ ሱቋን ዘግታ ስትገባ ሁለተኛው ሥራዋ ይጀምራል። ዕረፍቱን ከሚስቱ ድካም የሚቀዳ ሰው ዐረፈ ማለት አንችልም፤ ሸክሙን አዛወረ እንጂ።

ቀድሞ ሱቅ በቁልፍ ይዘጋ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሒሳቡ የሚገባው በኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ስለ ሆነ፣ ሱቁ ባለቤቱን ተከትሎ ከገበታው ይቀርባል። መልእክት በመጣ ቁጥር ዐይኑ ከልጁ ፊት ወደ ስልኩ ይሄዳል። አካሉ ከቤቱ ተገኝቶ ልቡ በገበያ ካለ ሚስትና ልጆች ይህን ሳያውቁ አይቀሩም።

ስለዚህ ለራሱ ያደረ ሰው የዕረፍቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው ያስረክብ እንላለን። በአንድ ረድፍ ያሉ ባለሱቆች ተማክረው በአንድ ቀን ቢዘጉ፣ ደንበኛ ወደ ጎረቤት የሚሄድበት መንገድ ይጠባል፤ እቁብተኞች ናቸውና መማከሩ አይቸግራቸውም። በቤትም ባልና ሚስት ተነጋግረው ጭንቁ ወራት መቼ እንዲያበቃ ይወስኑ፤ ቀኑም ለልጆቹ በቁጥር ይነገራቸው፤ ልጅ ቀን ቆጥሮ የሚጠይቅ ጥሩ የእቁብ ዳኛ ነውና። ቀኑ የትኛው ይሁን የሚለውን ለየቤቱና ለየሥራው እንተወዋለን፤ ለዳቦ ጋጋሪ የሚመቸው ለጨርቅ ነጋዴ አይመችም። ብቻ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል ብሎ ማክሰኞን የመረጠ አባት፣ ልጆቹ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት እንደሚውሉ አስቀድሞ ያስብ።