አሯሯጩ ይወቀው

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በማለዳ ሽቅብ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መሐል ተሰልፈው የሚሮጡ ወጣቶችን ያያል። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል። አሠልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃቸዋል። እኔን ግን ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ የዛሬው ልምምድ የታቀደው ለማን ነው?

የሯጭ ጉልበት እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ለአንዱ ካዋሉት ለሌላው አይተርፍም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው። ዳገቱ ጽናት ይሰጣል። ፍጥነት ግን እዚያ እንደልብ አይገኝም፤ የሚያለከልክ ሰው እንዴት ይፈተለካል? ለፍጥነት ወደ አቃቂ ዝቅ ማለት ይሻላል። ከከባድ ልምምድ ማግስት ደግሞ ሰውነት የሚያገግምበት ቀላል ሩጫ ያስፈልጋል። ሁሉንም እኩል እሰጣለሁ ያለ አሠልጣኝ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው።

ችግሩ ከሰው ላይ ሲደርስ ነው። ልምምዱ በጎበዙ ልክ ከተሰፋ የቀሩት ወይ ይጎዳሉ ወይ አሯሯጭ ሆነው ይቀራሉ። በደካማው ልክ ከተሰፋ ደግሞ የጎበዙ ተሰጥኦ ይባክናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ከድሩ ውስጥ የትኛው ክር እየሳሳ እንደሆነ ግን ማን ይጠይቃል?

ሁሉም እኩል ይታይ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም። በ1995 ዓ.ም. በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ስለሺ ስኅን በ10,000 ሜትር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ተከታትለው ገቡ። ኃይሌ ከፊት ሆኖ ሩጫውን ቢያከረውም ወርቁ የቀነኒሳ ሆነ። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ ጉዳት ይዞ ሮጠ። ሁለቱ ወደ ኋላ እየዞሩ አዩት፤ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ጠበቁት። አልሆነም፤ ትተውት ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ሲያገኙ ኃይሌ 5ኛ ወጣ። እዚህ ውስጥ እኩልነት የለም፤ ግን በደልም አላይበትም። የሆነው ሁሉ በአደባባይ ሆነ፤ እያንዳንዱም ለምን እንደሚሮጥ ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ስሙን ማንም የማያውቀውን ወጣት እናስብ። ከገጠር መጥቶ ኮተቤ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ለዓመታት «ቡድኑ፣ ቡድኑ» እየተባለ የሌላውን ፍጥነት ይጠብቃል። እሱ ለውድድር የሚዘጋጅ ይመስለዋል፤ አሠልጣኙ ግን አሯሯጭ እንደሆነ ያውቃል። ማሯሯጥማ የተከበረ ሥራ ነው፤ በታላላቅ ውድድሮች ይከፈልበታል። በደሉ ልጁ ሁለተኛ መደረጉ ላይ አይደለም፤ አለመነገሩ ላይ ነው። ቢነገረው ኖሮ ይዋዋላል፣ ርቀት ይቀይራል፣ ወይ ጊዜው ሳያልፍ ትምህርት ይጀምራል።

«ከተነገረው ተስፋ ይቆርጣል፤ ደግሞስ ዘግይቶ የሚያብብ ስንት አለ!» የሚል አሠልጣኝ አይጠፋም። እውነት አለው። እንግዲያው ይህንኑ ጨምሮ ይንገረው፦ «ዛሬ የማይህ እንዲህ ነው፤ የዛሬ ዓመት እንደገና አይሃለሁ።» ቀን የተቆረጠለት እውነት ተስፋን አይገድልም።

ጉዳዩ የሯጮች ብቻ አይደለም። በዚያው ዳገት ለብዙ ዓመታት እንጨት እየተሸከሙ ቁልቁል የወረዱ ሴቶች ነበሩ። በስንቱ ቤት እህት ተሸክማ ወንድም ተምሯል! ቤተሰቡ ማስቀደሙ ድህነት ያመጣው ግዴታ ሊሆን ይችላል። ግን እሷን ጠይቋታል? «የእሱ ተራ ካለቀ የአንቺ ይመጣል» የተባለችውስ፣ ተራው እንደማይመጣ የሚያውቁት ሰዎች መቼ ነገሯት?

አሠልጣኝም፣ አለቃም፣ አባትም ማስቀደሙን አይተዉትም፤ ሊተዉትም አይችሉም። ከኋላ ለሚከተለው ግን አንድ መልስ አለባቸው፦ ዛሬ ዳገቱን የምወጣው ለማን ነው?