ልብ የወለደውን ስለሚጽፍ ሰው

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በመካከል ማንኩሳን ያገኛል። ማንኩሳ በምድር ላይ ያለች፥ ሰው የሚኖርባትና የሚገበያይባት ከተማ ናት። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የተባሉት ባልና ሚስት ግን በማንኩሳ ኖረው አያውቁም፤ የወለዳቸው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ነውና። ይሁን እንጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዚያ መንገድ ሲያልፍ፥ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን እነዚያን ሁለት ሰዎች ሳያስብ አያልፍም። እንግዲህ ያልነበረውን ሰው ባለ ቦታ ላይ እንዲህ አድርጎ የተከለ ደራሲ ምን አደረገ ይባላል? ዋሸ ይባላልን? ወይስ ሠራ?

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐሰትን መናገር ከተከለከለ፥ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ሦስት መቶና አራት መቶ ገጽ መጻፍ በምን ይፈቀዳል ብሎ የሚጠይቅ ካህን ቢኖር፥ ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ስለ ሆነ ሊሣቅበት አይገባም። መልሱም ከመጽሐፍ ይገኛል። ኢዮአታም በገሪዛን ራስ ላይ ቆሞ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ ባለ ጊዜ፥ የሰኬም ሰዎች ዛፍ በምን እግሩ ይሄዳል ብለው አልተከራከሩትም። የናታን ነገር ግን ከዚህ ይጠልቃል። ዳዊት የድሀውን ሰው በግ ነገር እውነት መስሎት ተቆጥቶ ፈረደ፤ ናታንም ወዲያው ገለጠለት። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ዳዊት እንደ ተታለለ እንዲቀር በወደደ ነበር። ውሸት ሳይገለጥ ለዘለዓለም መታመንን ይሻል፤ ምሳሌ ግን ለጥቂት ጊዜ ታምኖ በኋላ መገለጥን ይሻል።

የአገራችንም ሽማግሎች ይህን ያውቃሉ። ማታ በእሳት ዳር «ተረት ተረት» ብለው ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ሳይመልሱ ነገሩን አይጀምሩም፤ ይህ በሁለት ወገን የሚደረግ ውል ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን የተረት መጽሐፍ በዚሁ ቃል ሰይመውታል። ከእርሳቸውም በፊት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙትን ድርሰት «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው በሽፋኑ ላይ አስታወቁ፤ ስሙም ለወገኑ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከበር ላይ ቆሞ «ይህን የወለደው ልብ ነው» የሚል ሰው እንዴት አታላይ ይባላል?

የሚከብደው ግን ከዚህ ያለፈው ነው። ማንኩሳን የተዋሰ ደራሲ ተራራውንና ወንዙን ተሠርቶ ያገኘዋል። ሌላው ግን ምድሩን፥ ቋንቋውን፥ የሚናገረውን አውሬ፥ በዓለም ከቶ የሌለውን ሁሉ ከራሱ ያወጣል። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዜና እስክንድርን ያነበበ ሰው ድንቅ ነገር አልጎደለበትም። ፊሳልጎስንም የሚያነቡ ሊቃውንት የሚሹት የአውሬውን ምሥጢር እንጂ የተወለደበትን አገር አይደለም።

የዚህ ዓይነት ደራሲ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከቶልኪን ሕይወት ይታያል። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የጥንት እንግሊዝኛ መምህር ነበረ። ቀን ያስተምራል፤ አራት ልጆች ነበሩትና ለቤቱ ወጪ እንዲረዳው የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ያርማል። ሆቢት የተባለውን መጽሐፉን የጀመረው አንድ ተማሪ ባዶ በተወው የፈተና ገጽ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በመጻፍ ነው። መጽሐፉ በእነርሱ አቆጣጠር በ1937 ታተመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጀመረው «የቀለበቶቹ ጌታ» ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶበት፥ በ1954ና በ1955 በሦስት ክፍል ወጣ። የሚጽፈው ሌሊት ነበር፤ ወረቀት ባነሰበትም በጦርነቱ ዘመን በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈ፤ ለጽሕፈት መኪና ጸሐፊ የሚከፍለው ስላልነበረው ራሱ በጣቱ መታው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን፥ መንገደኞቹ በቀን ስንት ምዕራፍ እንደሚሄዱና ጨረቃ በየትኛው ሌሊት እንደምትሞላ እየቈጠረ፥ የተሳሳተውን እየመለሰ ማቃናቱ ነው። በሌለ አገር ላይ የምትወጣ ጨረቃ ብትሳሳት ማን ይከሰዋል? ውሸታም እንዲህ አይደክምም፤ የሰሚው ጆሮ እንደ ተቀበለው ያርፋል። ምስክር የሌለበት ሰው ምስክር እንዳለበት ሆኖ ቢሠራ፥ ይህ ከእውነት ወገን ነው እንጂ ከሐሰት አይደለም።

በጎጃም የቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል። ተማሪው ለምዱን ደርቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፥ እርሱም ቢሆን ቀኑን ይፈጃል። በሰሙ አንበሳን ለጨረቃ ቢድር፥ ይህ መቼ ሆነ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን አንበሳው እንደ አንበሳ ካልሄደ፥ ሰሙም በራሱ ካልቆመ ወርቁ የሚፈስበት የለውም፤ መምህሩም ይመልሰዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምረዋልና ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉባኤው ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ የገበሬው ክርክር አልተመለሰም። በሐምሌ፥ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ምድር ሰው ሁሉ በጭቃ ውስጥ ከበሬ ኋላ ሲውል፥ ጤነኛ ሰው ከመብራት ዳር ተቀምጦ የሌለ አገር ሲያስብ ሥራ ፈት ቢባል ስድብ ብቻ አይደለም። ያ ሰዓት የሚስትና የልጅ፥ የጎረቤትም ነበርና። ስለዚህ ቶልኪን ፈተና ማረሙን አለመተዉ፥ ክቡር ሐዲስም መምህርና አርበኛ፥ በኢጣልያም እስረኛ ሆነው፥ በኋላም በዋሺንግተንና በለንደን አገራቸውን ወክለው መሥራታቸው በከንቱ አይነገርም፤ የጻፉበትን ሰዓት ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ቀን አስተምሮ ሌሊት የሚጽፍ ወጣት ቢኖር ሊናቅ አይገባውም፤ የተማሪዎቹን ደብተር ሳያርም ቢያድር ግን ድርሰቱ ይቅርታ አያሰጠውም።

ሌላም ፈተና አለ። ደራሲ በወረቀቱ ላይ ንጉሥ ነው፤ የሚቃወመው የለም፥ ዝናሙም በቃሉ ይዘንማል። ከዚያ ተነሥቶ ውኃ አምጣ ወደምትለው ሚስት መመለስ ትሕትናን ይጠይቃል። በ1931 በመስከረም አንድ ሌሊት፥ ወዳጁ ልዊስ እንዲህ ያለው ተረት ምንም ቢያምር ሐሰት ነው ባለው ጊዜ፥ ቶልኪን ሰው በፈጣሪ አርአያ የተፈጠረ ስለ ሆነ እርሱም በመጠኑ ይሠራል ብሎ መለሰለት። ጥሩ መልስ ነው፤ «በመጠኑ» የምትለዋ ቃል ግን እንድትረሳ አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪን መጠኑን የሚያሳውቀው መምህሩ ነው። ቶልኪንም መምህር ባይኖረው ወዳጆች ነበሩት፤ በሐሙስ ማታ በልዊስ ቤት ተሰብስበው የጻፈውን ያነብላቸው ነበር። ሁሉም ግን አልወደዱለትም፤ ከመካከላቸው አንዱ መስማቱን እጅግ ስለ ጠላ፥ እርሱ በተገኘበት ማታ ንባቡ ይቀር ነበር።