ሰማዩስ የማን ነው?

በኛ አገር፣ በጋይንት በስማዳና በእስቴ፣ መጤ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም። ባለቤቱም «ማነው?» ይላል። ድሮን ግን አይጣራም። ታዲያ ከጣራው በላይ ሲያንዣብብ ገበሬው ምን ይበል?

«መሬቱ እኮ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰማዩ እንዴት የገበሬው ይሆናል?» የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። እውነት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ ይላል። ነገር ግን አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ከመመርመር የሚጠብቀው መሬቱ የማን ነው ብሎ አይደለም። ሰው ስለሚኖርበት ነው።

ከላይ የመጣን መጠየቅም አዲስ ነገር አይደለም። ኮዝቢ የተባለ አሜሪካዊ ዶሮ አርቢ፣ የጦር አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ሲበሩ ዶሮዎቹ እየደነገጡ ቢሞቱበት መንግሥቱን ከሰሰ። በ1946 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ተከሳሹ የታወቀ ነበራ!

በጎረቤታችን በጎጃም፣ በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በድሮን ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸው ተነገረ። የሟቾቹ ወገኖች «ማነው?» ቢሉ ማን ይመልስላቸው?

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ የሚወርደው ጎረቤት ላይ ነው። ስለዚህ እኛ መብት የምንለው ተኩሱን አይደለም። ላኪው ማንነቱን እንዲናገር፣ ዳኛ ፊት እንዲቆም፣ ካሳ እንዲከፍል ማድረግ መቻልን ነው። ለዶሮ የተገኘ ፍርድ ለሰው ይነፈጋል እንዴ?