ግብር ስለሚባለው ቃል

በልጅነቴ አቀስታ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ እንማር ነበር፤ ማታ ደግሞ አያቴ በግብር ሲያማርሩ እሰማለሁ። ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ግን አላስተዋልሁም።

ሥሩ ግዕዝ ነው። ገብረ ማለት ሠራ ነው፤ ግብርም ሥራ። በግዕዝ ግብረ ሐዋርያት የሚባለው መጽሐፍ በአማርኛ የሐዋርያት ሥራ ነው። ተግባር፥ ምግባር፥ ገበሬም ከዚሁ ወጥተዋል። በኋላ ገበሬው ከድካሙ ፍሬ ለጌታው የሚያገባው ግብር ተባለ፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላው ድግስም እንደዚሁ ግብር ተባለ። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ግብር ይበላ ነበር። ሥጋውና ጠጁ ከማን ጓዳ እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ይሁንና በደግነት የሚወሳው ያበላው እንጂ የገበረው አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ቸር የምንለው የራሱን የሰጠውን ነውን ወይስ የሌላውን ያከፋፈለውን? እኔ ግብረ ገብን የተማርሁት ከመጽሐፉ ይልቅ ከአያቴ እጅ ይመስለኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ሻረ። ገባር የሚለው ስም ዛሬ አብዝቶ የሚሰማው ለወንዝ ነው፤ በሽሎ የዓባይ ገባር ነው እንላለን። ይህንን ለአያቴ ብነግራቸው ሣቁና፥

«ወንዙስ ወዶ መሰለህ የሚገብረው?» አሉኝ።